ኤምቢቲአይ ምንድን ነው? አራቱ ፊደላትና የጥንዶች ነገር

ኤምቢቲአይ ሰው ስለ ራሱ የሚሞላው የባሕርይ መጠይቅ ነው፤ ሙሉ ስሙ ማየርስ-ብሪግስ ታይፕ ኢንዲኬተር። ሞልተው ሲጨርሱ ከ16 የባሕርይ ዓይነቶች በአንዱ ይመደቡና አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይሰጥዎታል። በማኅበራዊ ሚዲያ “እኔ አይኤንኤፍጄ ነኝ፣ ከማን ጋር እገጥማለሁ?” የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

የሚገርመኝ ነገሩ የተጀመረው በአማትና በአማች መካከል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ ኢዛቤል ብሪግስ የምትባል አሜሪካዊት ወጣት እጮኛዋን ክላረንስ ማየርስን ከወላጆቿ ጋር አስተዋወቀች። እናቷ ካትሪን ልጁን አልጠላችውም፤ ግን አስተሳሰቡ ከቤተሰቡ ፈጽሞ የተለየ ሆነባት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለመረዳት ስትል ሰውን በዓይነት በዓይነቱ መመደብ ያዘች። የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 ያሳተመው የባሕርይ ዓይነቶች ጥናት በ1923 በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ የራሷን ምደባ ትታ የእሱን ተከተለች። ወደ መጠይቅ የለወጠችው ልጇ ኢዛቤል ናት፤ ያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እናትም ልጅም በሥነ ልቦና አልተመረቁም። በራሷ መለኪያ ኢዛቤልና ባለቤቷ ከአራቱ ፊደላት የሚጋሩት አንዱን ብቻ ነበር፤ ትዳራቸው ግን ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል።

ፊደላቱ አራት ጥንድ ዝንባሌዎችን ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ጥንድ ኢ እና አይ ነው፤ ሰርግና መልስ ውሎ ይበልጥ የሚነቃቃ አለ (ኢ)፣ ደክሞት ሁለት ቀን ከሰው መራቅ የሚፈልግም አለ (አይ)። ኤስ እና ኤን መረጃ የምንቀበልበት መንገድ ነው። ባልና ሚስት የሚከራዩት ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ኤስ የሆነችው “ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የጋራ ነው?” ትላለች፤ ኤን የሆነው ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆሞ መጽሐፍ መደርደሪያውን የት እንደሚያደርግ ያልማል። ቲ እና ኤፍ ደግሞ ስንወስን ይታያሉ፤ ዘመድ ብር አበድሩኝ ሲል ቲ የሆነው “መቼ ይመልሳል?” ብሎ ይጠይቃል፣ ኤፍ የሆነው “ምን ቸግሮት ይሆን?” ይላል።

በቤት ውስጥ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው ግን አራተኛው፣ ጄ እና ፒ ይመስለኛል። ቅዳሜ ላንጋኖ ሊሄዱ ያሰቡ ጥንዶችን እንውሰድ። ጄ የሆነችው ረቡዕ ማታ አልጋ መያዙን፣ መኪናው ነዳጅ መሞላቱን፣ ከስንት ሰዓት እንደሚነሡ ማወቅ ትፈልጋለች። ፒ የሆነው “እዚያው ደርሰን እናያለን” ይላል፤ ለእሱ የጉዞው ደስታ ይኸው ነው። እሷ ግድ የለሽ ነው ትላለች፣ እሱ አላስተነፍስ አለችኝ ይላል። ኤምቢቲአይ ለጥንዶች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጠቡን ከጥፋት ወደ ልዩነት ያወርደዋል። “አትወደኝም” ከሚለው ክስ ይልቅ “አንተ ሳይወሰን መቆየት ትወዳለህ፣ እኔ ደግሞ ሳይወሰን እንቅልፍ አይወስደኝም” ማለት ለንግግር በር ይከፍታል።

ከዚያ አልፎ ሲሄድ ነው ችግሩ። መጠይቁ ሰውን በሁለት ጎራ ይከፍላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ከመካከሉ አካባቢ ነው ያለው። ለጥቂት ከመስመሩ ወዲያ የወደቀና ለጥቂት ወዲህ የቀረ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ሰዎች ተቃራኒ ፊደል ይሰጣቸዋል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግመው ከሞሉት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ፊደል እንደተቀየረባቸው የታየውም ለዚህ ነው። በ1989 ሮበርት ማክሬና ፖል ኮስታ የተባሉ ተመራማሪዎች አራቱ መለኪያዎች “ቢግ ፋይቭ” ከሚባሉት አምስት የባሕርይ መለኪያዎች ከአራቱ ጋር እንደሚዛመዱ፣ ለተለያዩ “ዓይነቶች” ግን ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። የጎደለው አምስተኛው ቶሎ የመጨነቅ፣ የመከፋትና የመናደድ ዝንባሌ ነው። ከትዳር እርካታ ጋር ተያይዞ ደጋግሞ የሚገኘው ደግሞ ይኸው መሆኑ ያሳዝናል። በነፃ የሚሞላው ታዋቂው 16ፐርሰናሊቲስ ድረ ገጽ (ዋናው ኤምቢቲአይ አይደለም) ይህን ጉድለት ለመሙላት አምስተኛ ፊደል ጨምሯል።

“ግን እኮ ቁርጥ እኔን ነው የሚለው!” የሚል አይጠፋም። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጥቶ “የግል ውጤታችሁ” ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ተማሪዎቹ ልክነቱን ከ5 በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። የሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውንም የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

“ማን ከማን ይገጥማል” የሚሉት ሰንጠረዦች ከዚህም የባሰ መሠረት የላቸውም። በደቡብ ኮሪያ ወጣቶች ገና ሲተዋወቁ አራቱን ፊደላት ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ በፊት የሚጠያየቁት የደም ዓይነት ነበር። እኛም ብንሆን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በዐውደ ነገሥት የሁለቱንና የእናቶቻቸውን ስም ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ እሳትና ውሃ ናቸው ብሎ የሚያስቀር ሰው ስናውቅ ኖረናል፤ ስለዚህ ለመሳቅ አንቸኩል። በ2010 በአውስትራሊያ፣ በብሪታንያና በጀርመን ከ20,000 በላይ ባለትዳሮችን መረጃ ያየ ጥናት የጥንዶች ባሕርይ መመሳሰል ለእርካታቸው የሚጨምረው ከምንም የማይቆጠር መሆኑን አሳይቷል። የእያንዳንዳቸው ባሕርይ ለየብቻው ግን ተጽዕኖ ነበረው።

በ2020 ደግሞ ሳማንታ ጆኤል የመሩት ቡድን የ43 ጥናቶችን፣ የ11,196 ጥንዶችን መረጃ በአንድ ላይ ፈተሸ። ስለ እርካታቸው ይበልጥ የተናገረው ስለ ግንኙነቱ የሰጡት መልስ ነበር፦ አጋሬ ከልቡ ነው ወይ? ውለታዬን ያያል ወይ? በመኝታችን ደስተኛ ነኝ ወይ? ስንት ጊዜ እንጣላለን? የግል ባሕርይ ከእነዚህ በኋላ የጨመረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እነዚህ ጥያቄዎች ደግሞ ገና ላልተዋወቁ ሰዎች ሊቀርቡ አይችሉም፤ መልስ የሚኖራቸው ሁለቱ ጥቂት ጊዜ አብረው ካሳለፉ፣ ቢያንስ አንዴም ተጣልተው ከታረቁ በኋላ ነው።