«ተነስና አንብብ!»፦ በእንግሊዝኛ ክፍል ስለ ንባብና ውይይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ ንባብ ትምህርት በመምህራን ማረፊያም ሆነ በወላጆች ስብሰባ የሚባለው ያው አንድ ዓይነት ነው። አብዛኛው ደግሞ ልክ አይደለም። ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይመስለኝም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይማራሉ። ከ7ኛ ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ ባዮሎጂውንም አብሮ ይወድቃል።

«በየተራ ጮክ ብለው ካነበቡ ንባብ ተምረዋል»

ሁላችንም ያደግነው በዚህ ነው። ቲቸር ይጠራል፣ ልጁ ይነሳል፣ አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ይቀመጣል። ሲንተባተብ ክፍሉ ይስቃል።

ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ምን እየሠሩ ነው? ተራ እየቆጠሩ። አራተኛዋ ልጅ አራተኛውን አንቀጽ በልቧ እየተለማመደች ነው። ሦስተኛው ላይ ምን እንደተባለ አልሰማችም። ተራዋ ካለፈ በኋላ ደግሞ ዓይኗ ሰዓት ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ተማሪው 50 ነው እንበል። ስም መጥራት ሳይኖር፣ ሰሌዳ መጥረግ ሳይኖር፣ ሙሉው ጊዜ ለንባብ ቢውል እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። የቀረውን 39 ደቂቃ ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ፊደል ልጁ ፊደሉን ከለየ ያየውን ያነባል። እንግሊዝኛ ግን እንደተጻፈው አይነበብም። ስለዚህ ቆሞ የሚያነበው ልጅ ሐሳቡ በሙሉ አጠራሩ ላይ ነው። ሲጨርስ «ስለ ምንድን ነው ያነበብከው?» ብላችሁ ጠይቁት። አቀርቅሮ እንደገና መጽሐፉን ያያል። የሚገርመው፣ ጎበዝ አንባቢ የሚባሉትም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ናቸው።

ጮክ ብሎ ማንበብ ይቅር እያልኩ አይደለም። መምህሩ ቢያነብላቸው ጥሩ ነው፣ ጆሯቸው ይለምዳል። እነሱም በጸጥታ አንብበው ከተወያዩ በኋላ የወደዱትን አንቀጽ ለጓደኛቸው ቢያነቡ ደስ ይላል። ያኔ የሚያነቡት የገባቸውን ነገር ነው።

«ጥያቄዎቹን ከመለሱ ገብቷቸዋል ማለት ነው»

ይቺን አንብቡ፦ «ቶርፋው ምንጎሌ ዝርጶውን ቀልጵሎ ወደ ብራጎ ተንዠጠረ።»

አሁን ጥያቄ። ምንጎሌው ዝርጶውን ምን አደረገው? ቀለጰለው። ከዚያስ ወዴት ተንዠጠረ? ወደ ብራጎ። ምን ዓይነት ምንጎሌ ነበር? ቶርፋ። ሦስት ከሦስት! ጎበዝ!

ቃላቱን አሁን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ምንም ትርጉም የላቸውም። ከፓሴጅ ሥር የሚደረደሩት ብዙዎቹ ጥያቄዎች ግን ልክ እንደዚህ ነው የሚመለሱት። ተማሪው ከጥያቄው አንድ ቃል ይይዛል፣ ፓሴጁ ላይ ይፈልገዋል፣ አጠገቡ ያለውን ይገለብጣል። እኛም ራይት እናደርግለታለን።

መልሳቸው አንድ መስመር ላይ ተጽፎ የማይገኝ ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ። «ጸሐፊው ይህን ሰው ይወደዋል? ከምን አወቃችሁ?» «ሦስተኛው አንቀጽ ቢወጣ ምን ይጎድላል?» የእኔ ተማሪዎች በጣም የሚወዷት ደግሞ ይህቺ ናት፦ «እናታችሁ ይህን ብታነብ የቱ ጋ ስትደርስ ‹ውሸት ነው!› ትል ነበር?»

«በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ ክልክል ነው»

በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። ስሙ ይጻፋል፣ ወይም ገንዘብ ይከፍላል። ወላጅም ደስ ይለዋል፣ የከፈለበት ነገር ሲሠራ ያየ ይመስለዋል። የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ሼም የያዘው ልጅ «የስ ቲቸር» ብሎ ይቀመጣል። ነገሩ ገብቶት ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?

ጂም ከሚንስ የተባለው የሁለት ቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ጋ ይጠቅመናል። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሁለት ጭንቅላት የለውም ይላል በአጭሩ። ዋናውን ሐሳብ መለየት፣ ማወዳደር፣ መጠራጠር በአንደኛው ቋንቋ የለመደ ልጅ ችሎታውን ወደ ሁለተኛው ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። ንባቡ በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ለሦስት ደቂቃ አጠገባቸው ካለው ልጅ ጋር በፈለጉት ቋንቋ ያወራሉ። አማርኛ ይሰማል፣ ኦሮምኛ ይሰማል፣ አንዳንዴ ጉራግኛም ይሰማል። እስከዚያ ሰሌዳው ላይ «እኔ የሚመስለኝ»፣ «አልስማማም፣ ምክንያቱም»፣ «ጽሑፉ እንደሚለው» የሚሉትን መነሻዎች በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ለክፍሉ ሲናገሩ በእነዚያ ይጀምራሉ። የሚሉት ነገር ስላላቸው ቋንቋውን ይፈልጉታል። «ቲቸር፣ ‹ሆን ብሎ› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። እንዲህ ተፈልጎ የተገኘ ቃል አይረሳም።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። መምህሩ ፓሴጁን መስመር በመስመር ወደ አማርኛ ከመለሰው ጨዋታው ፈረሰ። ትርጉሙ እንደሚመጣለት ያወቀ ልጅ ምን ቆርጦት እንግሊዝኛውን ያነባል?

«60 ልጅ ባለበት ክፍል ውይይት አይታሰብም»

ይህን የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ ሰነፎች አይደሉም። ክፍሉ እውነትም ይጨንቃል። በዴስኮቹ መካከል ማለፊያ የለም። ጫጫታው ሲነሳ ዩኒት ሊደር በር ላይ ብቅ ይላል።

ግን ተማሪዎቹ ተቀምጠው ያሉት ሦስት ሦስት ሆነው ነው። የፊተኛው ዴስክ ወደ ኋላ ዞር ካለ ስድስት ሆኑ። ወንበር መጎተት አያስፈልግም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ለአሥር ደቂቃ ቢያወሩ እያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገረ ማለት ነው። ከላይ ያየናትን 48 ሰከንድ አስቡ። እንዲያውም ትልቅ ክፍል ከሌላው የበለጠ የጥንድ ውይይት ያስፈልገዋል።

አሜሪካዊው ፍራንክ ላይማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ዘዴ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መጀመሪያ ለብቻ ማሰብ፣ ቀጥሎ ከአንድ ጓደኛ ጋር ማውራት፣ በመጨረሻ ለክፍሉ መናገር። ብዙዎቻችን መካከለኛውን ዘለን ነው «እሺ፣ ማን ይመልሳል?» የምንለው። ያኔ የሚነሳው ያው የፊት ዴስክ እጅ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚሉ ልጆችም መናገር ጀመሩ። በራሱ ቋንቋ ለሚያስብ ተማሪ ሦስቱም የሚያንሱ ይመስለኛል። በልባችሁ አምስት ቁጠሩ።

«አንድ ለአምስትስ ሞክረነው የለ?» ትሉ ይሆናል። ሞክረናል። አንዱ ጎበዝ ሠራ፣ አምስቱ ገለበጡ። የከሸፈው ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ስለያዘ ነው። ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ የጀመረው ዘዴ መፍትሔ አለው። ጽሑፉን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ የተለያየ ክፍል መስጠት ነው።

እኔ የለገሃርን ባቡር ወስጄ አራት አጫጭር አንቀጽ ጻፍኩበት። አንደኛው ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ስለሰጡት ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ መድረሱን፣ ሦስተኛው በ1917 አዲስ አበባ መግባቱን ይናገራል። አራተኛው አሮጌው መስመር ቆሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ዳር፣ ከለቡ በኩል መነሳቱን። እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን አንብቦ፣ ወረቀቱን ገልብጦ፣ በቃሉ ለሌሎቹ ይነግራል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ ባቡሩ እስከ ዛሬ ከለገሃር ቢነሳ ይሻል ነበር? «መሃል ከተማ ነው፣ የታክሲ ያድነናል» የሚል አለ። «መንገድ ይዘጋል» የሚል አለ። የመጀመሪያውን አንቀጽ የያዘው ልጅ ዝም ካለ ታሪኩ መነሻ የለውም። ስለዚህ ሰነፍ የሚባለውንም ጓደኞቹ ራሳቸው «በል እንጂ፣ ንገረን!» ይሉታል።

«ጥሩ ፓሴጅ ማለት ከውጭ የመጣ ፓሴጅ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ በ64 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ጽሑፉ ስለ ቤዝቦል ነበር። በንባብ ደካማ የሚባሉ ግን ቤዝቦል የሚያውቁ ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። የቡናና የጊዮርጊስን ደርቢ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ስጡ፤ ከኋላ ዴስክ የማይነሳው ልጅ ያን ቀን አስተማሪ ይሆናል። ስለ በረዶ መንሸራተት የሚያወራው ፓሴጅ ይቅር አልልም። ከማንበባቸው በፊት ግን አምስት ደቂቃ አውሩላቸው፣ ሥዕል አሳዩዋቸው።

«የማያውቁትን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት ያውጡ»

ተመራማሪዎቹ ሁ እና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት አንድን ጽሑፍ ያለ እርዳታ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ50 ቃል አንድ አዲስ ቢሆን ነው። አንድ ገጽ ላይ 30 ቃል የሚያሰምር ልጅ ካለ መቀየር ያለበት ጽሑፉ ነው።

«ልብ ወለድ መዝናኛ ነው፤ ትምህርት ግራመር ነው»

ይህን የሚሉት በተለይ የ12ኛ ክፍል ወላጆች ናቸው። ፊጂን እንመልከት። እዚያም ልጆቹ መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩና 4ኛ ክፍል ሲደርሱ ወደ እንግሊዝኛ ይገባሉ። ዋርዊክ ኤሊ እና ፍራንሲስ ማንጉባይ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍሎች 250 ገደማ የታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። አንዳንዱ ክፍል በጸጥታ ያነብ ነበር። በሌላው መምህሩ እያነበበ ስለ መጽሐፉ ያወሩ ነበር። ከ8 ወር በኋላ ሁለቱም በንባብ የነበራቸው እድገት ከመደበኛው እጥፍ ያህል ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ለውጡ ወደ ጽሑፋቸውም ወደ ግራመራቸውም ተሻገረ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ እኛ ግን ዛሬም መጽሐፍ የያዘ ልጅ ስናይ «አጥና እንጂ!» እንላለን።

መጽሐፍ ከየት ይምጣ? በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚሁ አራት ኪሎ ነው። ወመዘክርም አለ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ደግሞ ቀጫጭኖቹንና ባለ ሥዕሎቹን ምረጡ። ወፍራም መጽሐፍ ለወላጅ ያምራል፣ ልጁ ግን ገጽ 6 ላይ ይተወዋል።

«ስህተት እዚያው ካልታረመ ይለመዳል»

ልጅቷ ባቡሩ ለምን ከለገሃር መነሳት እንዳለበት እየተከራከረች ነው። በመሃል «የኃላፊ ጊዜ ነው!» ብላችሁ ካቋረጣችኋት ክርክሩ አለቀ። ማስታወሻ ያዙ። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ተጠቀሙ፤ ከሰማችኋቸው ስህተቶች ሦስቱን ያለ ስም ሰሌዳው ላይ ጻፉና ክፍሉ ራሱ ያርማቸው።