የማኅበር ቤቶች ፍሳሽ ማጣሪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ባሉት የጎጃም ከተሞች የማኅበር ቤት ሳይት የሚያድግበት መንገድ ይመሳሰላል። ስድሳ ያህል አባላት ቦታ ይረከባሉ፤ አቅም ያላቸው አሥሩ በመጀመሪያው ዓመት ቤታቸውን ጨርሰው ይገባሉ፤ ሌላው መሠረት አውጥቶ ሁለትና ሦስት ዓመት ይቆያል፤ አንዳንዱም ቦታውን በቆርቆሮ አጥሮ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይተወዋል። የፍሳሽ ጉዳይ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ውሃና መብራት ከገባ በኋላ ሲሆን፣ ውሳኔውን የሚያጣምሙ አንዳንድ የተለመዱ አባባሎችም አብረውት ይነሣሉ።

«ለመጨረሻው የነዋሪ ቁጥር የሚበቃ አንድ ትልቅ ማጣሪያ አንዴ እንትከልና እንገላገል።»

ከሁሉም ይበልጥ አሳማኝ የሚመስለውና በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ የሚያባክነው አመለካከት ይህ ነው። በስድሳ ቤት አምስት አምስት ሰው ቢኖር 300 ሰው ይሆናል፤ እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ውሃ ቢጠቀምና 80 በመቶው ፍሳሽ ሆኖ ቢወጣ፣ ሳይቱ ሲሞላ በቀን 14,400 ሊትር ይፈስሳል። በመጀመሪያው ዓመት ከሚገቡት አሥር ቤቶች የሚወጣው ግን 2,400 ሊትር ብቻ ነው። አየር እየተነፋበት የሚሠራ ማጣሪያ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ቆሻሻውን የሚበሉት በታንኩ ውስጥ የሚባዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሆኑ፣ የሚደርሳቸው ምግብ ከታሰበላቸው አንድ ስድስተኛ ብቻ ሲሆን ተሰባስበው የሚዘቅጥ ዝቃጭ መፍጠር ያቅታቸዋል፤ ውሃውም ደፍርሶ ይወጣል። አየር የሚነፋው ማሽን በበኩሉ፣ መጠኑን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመለት፣ ለ300 ሰው የሚሆነውን ኤሌክትሪክ ሲበላ ይከርማል።

የሚሻለው ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎችን ማቀድ፣ አንዱን ብቻ አሁን መሥራትና በመነሻው ማከፋፈያ ላይ ለቀሪዎቹ መውጫ ትቶ በክዳን መዝጋት ነው። በመጀመሪያው ቀን ለመጨረሻው ቁጥር ታስበው መሠራት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ዋናው ቱቦ፣ ሁለተኛው በሳይቱ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ለማጣሪያው የሚከለለው ቦታ። ወፈር ያለ ቱቦ የሚጨምረው ወጪ፣ የተነጠፈን ኮብልስቶን አንሥቶ እንደገና ከመቆፈር ጋር ሲነጻጸር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

«ማሽን ያለው ማጣሪያ ምንጊዜም ከማሽን አልባው ይበልጣል።»

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ በአየር የሚኖሩት ተሕዋስያን እንደሚታፈኑ ብዙ ሰው ይገምታል፤ የሚዘነጋው የቦታው ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ የተሠራ ማሽን እዚያ የሚፈለገውን ኦክስጅን አያደርስም። ከዚህም ሌላ ሰው የሚጥለው ቆሻሻ ውሃ ስላነሰው አይቀንስም። በሰው በቀን 150 ሊትር ይፈስሳል ተብሎ የታሰበ ማጣሪያ 48 ሊትር (ከላይ ያልነው የ60 ሊትር 80 በመቶ) ብቻ ሲደርሰው፣ የፍሳሹ ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆንበታል። ሻጩን የዋስትናውን ዘመን ከመጠየቅ አስቀድሞ ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች መጠየቅ ይገባል።

ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው አማራጭ፣ ፍሳሹ በመለያ ግድግዳዎች ሥር ከክፍል ወደ ክፍል እየሾለከ የሚያልፍበት ታንክና ከእርሱ ቀጥሎ ሸንበቆ ወይም ፊላ የተተከለበት የጠጠር መደብ ነው፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ለዚሁ ሥራ ይውላል። ሳይቱ ባደገ ቁጥር መደብ ይጨመራል። ሆኖም እንደ አሠራሩና እንደ አየሩ ሙቀት ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 5 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ብርድም የታንኩን ሥራ ስለሚያዘገይ ለባሕር ዳር የበቃ መጠን ለደብረ ማርቆስ ያንሳል። ቦታ በጣም ለጠበበበት፣ ጄኔሬተርና ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ላለው ሳይት ማሽኑን መምረጥ ስሕተት አይሆንም።

«ጉድጓድ ከተቆፈረ ቀሪውን አፈሩ ይመጥጠዋል።»

ጎጃም አንድ ዓይነት አፈር የለውም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚበዛው ጥልቅ ቀይ አፈር ውሃ በመጠኑ ያሰርጋል። በቢቸናና በደጀን በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ግን በበጋ ተሰነጣጥቆ ሁሉን የሚውጥ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ማስረጊያ ጉድጓዱ ወደ ግቢ ይገነፍላል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ሰንጣቃ ባዛልት ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለው፤ ፍሳሹን በፍጥነት ስለሚያሰርግ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ፍሳሹ ግን ሳይጣራ ከጉድጓድ ውሃው ጋር ይቀላቀላል። ማስረጊያ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው የተለመደ ርቀት እንዲህ ባለው ድንጋይ ላይ ማረጋገጫ አይሆንም። የማስረግ ሙከራው፣ ማለትም ጉድጓዱን በውሃ ሞልቶ ካሳደሩ በኋላ እንደገና ሞልቶ በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ መለካት፣ በነሐሴ መደረግ አለበት፤ በመጋቢት የተገኘ ውጤት ያታልላል።

«ሴፕቲክ ታንክ ሲሞላ ማስመጠጥ ነው።»

ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ፍሳሹ ሲያልፍ ጠጣሩ የሚዘቅጥበት ዝግ ጉድጓድ፣ የሚሠራው ሞልቶ ነው፤ ውሃው እስከ መውጫው ካልደረሰ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል ማለት ነው። መምጠጫ መኪና የሚጠራው ከታች ያለው ዝቃጭና ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ተደምረው የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዙ ነው፤ በሰው በዓመት ከ30 እስከ 40 ሊትር ዝቃጭ እንደሚጠራቀም ካሰቡ ጊዜው አስቀድሞ ይታወቃል። ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ጠጣሩ የቀነሰለት እንጂ የተጣራ አይደለም፤ ተሕዋስያኑም፣ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱም አብረውት ይሄዳሉ። ጣናን ከአሥር ዓመት በላይ ያስቸገረው እምቦጭ የሚፋፋው እነዚሁን ንጥረ ነገሮች እየተመገበ ነው።

«የዝናቡን ውሃ ብናስገባበት ቱቦውን ያጥባል።»

መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ነው። ይህ ከአሥሩ ቤቶች የሙሉ ቀን ፍሳሽ ይበልጣል፤ ለዓመታት የተጠራቀመውንም ዝቃጭ ጠርጎ ያወጣዋል። አሸንዳው ለብቻው ወደ ዝናብ ቦይ ይሂድ። ጉድጓድ ውስጥ የሚጨመሩት እርሾና ልዩ ልዩ ዱቄቶችም ማስመጠጥን አያስቀሩም፤ በብዛት የሚፈስስ በረኪና ደግሞ ሥራውን የያዙትን ተሕዋስያን ይገድላል።

«ውሃው ከጠራ ጓሮ ማጠጣት ይቻላል።»

ጥራቱ በዓይን አይታይም። የወስፋት እንቁላል በዝቃጭ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በሕይወት ይቆያል። ለባሕር ዛፍ ወይም ለአጥር ተክል ማዋል ይቻል ይሆናል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ካሮት ግን አይሆንም።

«ማጣሪያው ተሠርቶ ሲያልቅ የማኅበሩ ሥራ ያበቃል።»

የብዙ ማኅበራት ልማድ አባላት ካርታቸውን በየስማቸው ሲወስዱ መበተን ነው፤ ቁልፉም በመጨረሻው ሊቀ መንበር እጅ ይቀራል። ስለዚህ የማጣሪያው ቦታና መምጠጫ መኪናው የሚገባበት መንገድ ካርታ ከመከፋፈሉ በፊት በፕላኑ ላይ የጋራ ተብለው መከለል ይኖርባቸዋል፤ ለማስመጠጫና ለጠባቂ የሚሆነው ወርኃዊ መዋጮም፣ ገና መሠረት ያወጡትን አባላት ጨምሮ፣ እንደ እድር ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ መሰብሰብ አለበት።