ከ220 ወደ 110 የሚያወርደው ትራንስፎርመር ምንድን ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ባቲ፣ ከሶኬት የሚወጣው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው። ጃፓን 100። የሳዑዲ ቤቶች ደግሞ ለረጅም ዘመን 127 ቮልት ነበሩ፤ አገሪቱ ወደ 230 ለመዞር የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ለወሎ ሰው ይሄ የሳዑዲው ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። ከጅዳና ከሪያድ ስንት ቴፕ፣ ስንት አምፕሊፋየር ተጭኖ መጥቷል! እህት በሰው ቤት ለፍታ የላከችው ዕቃ በተሰካበት ቅጽበት ሲቃጠል ያንገበግባል። ደግሞ መትረፍ ይችል ነበር።

ትራንስፎርመር ማለት ብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። በአንዱ በኩል 220 ይገባል፣ በሌላው 110 ይወጣል። የመውጫው ጥምጥም የመግቢያው ግማሽ ከሆነ ቮልቱም ግማሽ ይሆናል። አዳፕተር ሌላ ነው። እሱ ጠፍጣፋውን እግር እኛ ሶኬት ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል እንጂ ቮልቱን አይነካም። "ገጠመ እኮ!" ተብሎ ነው ብዙ ዕቃ ያለቀው።

ጉዳቱም በእጥፍ ብቻ አይደለም። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የ127 ዕቃ 220 ላይ ሦስት እጥፍ፣ የጃፓኑ አምስት እጥፍ ገደማ ይደርስበታል። እንዲህ የሆነ ቴፕ ሲከፈት የፊውዙ መስታወት ከውስጥ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። ፊውዙ ብቻ ከሄደ እሰየው ነው።

ስለዚህ አደራ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ዕቃውን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። ብዙ የድሮ ዕቃ 110፣ 127፣ 220፣ 240 የሚል በካቻቪቴ የሚዞር ማስተካከያ አለው። ካለው 220 ላይ አድርጉት፣ ትራንስፎርመር አያስፈልጋችሁም። ፊውዙን ግን አትርሱ። 110 ላይ 2 አምፔር ከነበረ 220 ላይ 1 ይበቃዋል። ከሌለውና አንድ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ፣ ያኔ ነው ትራንስፎርመር የምትገዙት። ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ይሁን፤ ለ60 ዋት ቴፕ የ100ውን ውሰዱ። የጃፓን ዕቃ ከሆነ 100 ቮልት መውጫ ያለውን ፈልጉ። ደህና ትራንስፎርመር ከባድ ነው። በመዳፍ የሚያዝ፣ ቅልል ያለ ሆኖ "1600 ዋት" የሚል ካገኛችሁ ለካውያና ለመሳሰለው ማሞቂያ የተሠራ ነው። ቴፕና ራዲዮ አትስኩበት።

አሁን ብዙ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ትራንስፎርመር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መግቢያና መውጫው ለየብቻ የተጠመጠመ ነው። ሁለተኛው፣ ርካሹ፣ አውቶ ትራንስፎርመር ይባላል። ያለው አንድ ጥምጥም ብቻ ነው፤ 110ሩ ከመሃሉ ይወጣል። ስለዚህ ከግድግዳው የመጣ አንድ ሽቦ በቀጥታ እስከ ዕቃው ይደርሳል። የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። ከተገለበጠ ያ ሽቦ ከመሬት ጋር ሲለካ 220 ይሆናል። ዕቃው ግን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 110 ስለሚያገኝ ምንም እንዳልሆነ ይዘፍናል።

ፕላስቲክ ለለበሰና የራሱ ትራንስፎርመር ውስጡ ላለው ቴፕ ይሄ ብዙ አያሳስብም። የሚያስፈራው ርካሹ የድሮ የአሜሪካ ራዲዮ ነው፤ ያ ውስጡ የመስታወት ቱቦ የሚቀላው። አብዛኛው የራሱ ትራንስፎርመር የለውም፤ የውስጥ ብረቱ ከመብራቱ አንድ ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። የድምፅ ቁልፉ ፕላስቲክ ወልቆ ብረቱ ብቻ የቀረበት ራዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ልጅ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ያንን ብረት ሲነካ አስቡት። ለእንዲህ ያለው ራዲዮ ለየብቻ የተጠመጠመው ነው የሚገዛው፣ ውድ ቢሆንም። ለመለየት ከግድግዳው ነቅላችሁ በቴስተር መግቢያውንና መውጫውን ለኩ። ከተገናኙ አውቶ ነው።

ትራንስፎርመር ኸርዝ አይቀይርም። የሳዑዲና የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው። የብዙ ድሮ ሸክላ ማጫወቻ ሞተር የሚዞረው ኸርዙን ተከትሎ ነው። በደቂቃ 45 መዞር ያለበት ሸክላ እዚህ 37.5 ይዞራል። የአምባሰሉ ዜማ ይንቀረፈፋል፣ የዘፋኙ ድምፅ ወርዶ ይጎረናል። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ፣ ማለትም ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ትንሽ መዘውር ነው። የካሴት ቴፕ ግን ሞተሩ በአብዛኛው በዲሲ (እንደ ባትሪ በማይመላለስ መብራት) ስለሚሠራ ፍጥነቱ አይነካም። ለ60 ብቻ የተሠራ ዕቃ እዚህ ትንሽ ይሞቃል፤ መጀመሪያ ሰሞን ሽፋኑን እየዳሰሳችሁ ተከታተሉት።

ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የተኛ ዕቃ ከሆነ ቮልቱ ልክ ቢሆንም በቀጥታ አትስኩት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (መብራት የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ይደርቃሉ፣ ሾርት ይሆናሉ። ጠጋኞች መጀመሪያ የድሮውን ዓይነት አምፖል በመስመሩ መሃል አስገብተው ይሞክሩታል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደመቅ እንዳለ ከቀረ ሾርት አለ ማለት ነው። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ተስፋ አለው። ይሄን ለጠጋኙ ተዉለት፤ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም መብራት ይዞ ይቆያል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስስ? ትራንስፎርመር የገባለትን ነው የሚከፍለው። 250 ከገባ 125 ያወጣል። በጠፋ ቁጥር ንቀሉት፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቁና ስኩት።