ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ነዳጅ መቀየር፦ ፎቶካታሊስቱ የሚሻሻለው የት ላይ ነው?

ፎቶካታሊስት ብርሃን ሲያርፍበት ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ቁስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደቃቅ ዱቄት። በጃፓን እነ ፉጂሺማና ሆንዳ በ1979 እ.ኤ.አ. እንደ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና ካድሚየም ሰልፋይድ ያሉ ዱቄቶችን ውሃ ውስጥ በትነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየነፉ ብርሃን ሲያበሩባቸው ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዴሃይድና ሜታኖል አገኙ። በዚህ ሥራ እነዚያ ዱቄቶች ዛሬም ከቤተ ሙከራ አልወጡም። ከአንድ ግራም ዱቄት በሰዓት የሚገኘው ምርት አሁንም በአብዛኛው የሚቆጠረው በማይክሮሞል፣ ማለትም በሞል ሚሊዮንኛ፣ ነውና።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግትር ሞለኪውል ነው። ብርሃኑ ከዱቄቱ ከሚያስነሳቸው ኤሌክትሮኖች አንዱን ብቻ ለመስጠት −1.9 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚችል የተለመደ ዱቄት የለም። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶን ጋር ተከታትለው መድረስ አለባቸው፦ ለካርቦን ሞኖክሳይድ 2፣ ለሜታኖል 6፣ ለሚቴን 8። ፒኤች 7 ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ −0.53 ቮልት ሲጠይቅ ከውሃ ሃይድሮጂን ለማውጣት ግን −0.41 ይበቃል። በዚያ ላይ በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 33 ሚሊሞል ገደማ ነው። ውሃው ኤሌክትሮኑን ቢነጥቅ አይገርምም።

ሌላው ማነቆ ብርሃኑ ነው። አናታዝ የተባለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮኑን ለማስነሳት 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ስለሚፈልግ ከ387 ናኖሜትር በላይ ያለው ብርሃን አይቀሰቅሰውም፤ ከፀሐይ ጉልበት የሚደርሰው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ካድሚየም ሰልፋይድ 2.4 ይበቃዋል፤ ነገር ግን ኤሌክትሮኑ ሲነሳ የሚቀረው ባዶ ቦታ፣ ሆል የሚሉት፣ ሰልፋይዱን ራሱን ይበላዋል። ካርቦን ናይትራይድ በ2.7 ኤሌክትሮን ቮልት መሃል ላይ ይቀመጣል፤ እስከ 460 ናኖሜትር ይውጣል፣ ርካሽም ነው።

ካርቦን ናይትራይድ የሚሠራው ገበሬው ማዳበሪያ ብሎ ከሚያውቀው ዩሪያ ነው፤ ለሙከራ ግን ንጹሑ ይመረጣል። 10 ግራም ደረቅ ዩሪያ ክዳን ባለው የአሉሚና ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ትንሽ ዕቃ) ተደርጎ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ እስከ 550 ዲግሪ ይሞቃል፤ እዚያው ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ይቆያል። የሚወጣው አሞኒያ ስለሆነ ምድጃው የጭስ መሳቢያ ሥር መሆን አለበት። በመጨረሻ የሚገኘው ከአንድ ግራም በታች የሆነ ነጣ ያለ ቢጫ ዱቄት ነው፤ ክዳኑ ክፍት ከነበረ እሱም ተኖ ይጠፋል። በሜላሚን ቢሠራ ግማሽ ያህሉ ይተርፋል፤ ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በግራም 10 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ ብቻ አለው። የዩሪያው ስስና ክፍት ስለሚሆን ብክነቱን ይክሳል።

ቀጥሎ ብረት፣ ማለትም እንደ ፕላቲነም ወይም ብር ያለ ሜታል፣ ይጫንበታል። ያለ ብረት ኤሌክትሮኑና ሆሉ ሥራ ሳይጀምሩ ተመልሰው ይገናኛሉ። ለ100 ሚሊግራም ዱቄት 1 ሚሊግራም ብረት በቂ ነው፦ የብረቱ ጨው 10 በመቶ ሜታኖል ባለው ውሃ ውስጥ ከዱቄቱ ጋር እየተማሰለ ብርሃን ይበራበታል። ፕላቲነም ወደ ሃይድሮጂን ያዘነብላል፣ ብር ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ብረቱ ሲበዛ ዱቄቱን ያጠላበታል፤ ራሱም የመገናኛ ቦታ ይሆናል። ሜታኖሉ በሚገባ ካልታጠበ ደግሞ በኋላ የምርት መነሻ ሆኖ ብቅ ይላል፤ በዚህ ሙያ ትልቁ ስህተት የሚወለደው እዚህ ነው።

ለሙከራው 50 ሚሊግራም ዱቄት፣ የኳርትዝ መስኮት ያለው ዕቃ፣ ባለ 300 ዋት የዜኖን መብራትና ከ420 ናኖሜትር በታች ያለውን የሚከለክል ማጣሪያ የተለመዱ ናቸው። መብራቱ ከመበራቱ በፊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለ30 ደቂቃ ይነፋል፤ አየር ከገባ ኦክስጅኑ የተገኘውን ምርት መልሶ ያቃጥለዋል። ምርቱ ጋዞችን እየለየ በሚለካው መሣሪያ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ሲለካ፣ በነበልባል የሚሠራው መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን በኒኬል ላይ ወደ ሚቴን ካልቀየሩለት አያየውም።

ከዚያ በጨለማ፣ ያለ ዱቄት፣ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፋንታም አርጎን እየነፉ መድገም ግድ ነው። በአርጎንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከወጣ፣ ካርቦኑ የመጣው ከዱቄቱ፣ ከማሟሚያው ወይም ከዕቃው ቅባት ነው። ቁርጡ የሚታወቀው ከተራው ካርቦን በሚከብደው በካርቦን 13 በተሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ28 ወደ 29 መዞር አለበት። ለሚቴን የሚጠበቀው 17 ግን ያሳስታል፤ የውሃ ስባሪም 17 ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ጋዞቹ አስቀድመው መለየት አለባቸው።

ኦክስጅንም ይለካ። ኤሌክትሮኑ በእርግጥ ከውሃ ከሆነ ለ2 ካርቦን ሞኖክሳይድ 1 ኦክስጅን መገኘት አለበት፤ ሃይድሮጂን አብሮ ከወጣ ለ2 ሃይድሮጂንም እንዲሁ። ትራይኢታኖልአሚን የመሰለ ኤሌክትሮን ለጋሽ ሲጨመር ቁጥሩ ያብጣል፤ ውድ ኬሚካል አቃጥሎ ርካሽ ጋዝ ማግኘትን ማሻሻል ለማለት ግን ይከብዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ የሳይንስ ዩኒቨርሲቲው የኩዶ ቡድን ከባሪየም፣ ከላንታነምና ከታይታኒየም በተሠራ ኦክሳይድ ላይ ብር ጭኖ፣ ያለ ለጋሽ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ኦክስጅኑን በሚገባቸው መጠን አብረው አውጥቷል። የሚሠራው ግን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ነው።