ከቤት ወይስ ከቢሮ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2020 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ ነገሩ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቆይ መስሎ ነበር። ሳምንታቱ ዓመታት ሆኑ፤ ሠራተኛውም አዲሱን የሥራ አኳኋን ለመደው። አሁን ደግሞ ቀጣሪዎች በተራቸው «ተመለሱ» ማለት ይዘዋል። ለምሳሌ አማዞን የቢሮ ሠራተኞቹ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ እንዲገኙ አዟል። አንዱ ወገን ቤት የሚውል ሠራተኛ ይዘናጋል ይላል፤ ሌላው ወገን ቢሮ አለቆች ሰው ከሚቆጥሩበት አዳራሽነት ያለፈ ፋይዳ የለውም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚመዟቸው ሐሳቦች ከመደጋገማቸው ብዛት እንደ እውነት የተወሰዱ ናቸው እንጂ አብዛኞቹ ተመርምረው የተያዙ አይደሉም። በእኔ አስተያየት የክርክሩ ዋነኛ ጉድለት «የት ይሠራ?» የሚለው ጥያቄ ጎልቶ «የሚሠራው ምንድን ነው? የሚሠራውስ ማን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች መረሳታቸው ነው።

«ከቤት ሆኖ መሥራት ወረርሽኙ የፈጠረው አዲስ ነገር ነው»

አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጃክ ኒልስ ለዚህ አሠራር በእንግሊዝኛ ስም ያወጣለት በ1973 ነው። ያ ዓመት የነዳጅ እጥረት ዓለምን ያስጨነቀበት ዓመት ስለነበር፣ ሠራተኛውን በየቀኑ ወደ ሥራው ከማመላለስ ሥራውን በስልክ መስመር ወደ ሠራተኛው ማድረስ ይሻላል የሚለው የኒልስ ሐሳብ ብዙዎችን ማርኳል። የኮምፒዩተር ኩባንያው አይ.ቢ.ኤም በ1979 በአምስት ሠራተኞች ቤት የኮምፒዩተር መሣሪያ ተክሎ ሙከራ የጀመረ ሲሆን፣ በ1983 ከቢሮ ውጭ የሚሠሩት ሠራተኞቹ ቁጥር ሁለት ሺህ ያህል ደርሶ ነበር።

«ተመለሱ» የሚለውም ትእዛዝ ቢሆን አዲስ አይደለም። የኢንተርኔት ኩባንያው ያሁ በ2013 ከቤት መሥራትን ከልክሏል፤ በዘርፉ ፈር ቀዳጅ የነበረው አይ.ቢ.ኤም ራሱም በ2017 በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን ወደ ቢሮ ጠርቷል። ወረርሽኙ ያመጣው አዲስ ነገር ብዛቱና አስገዳጅነቱ ነው። ያ ወቅት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት የዋሉበት፣ ሰው ሁሉ ለጤናው የሰጋበትና ማንም ተዘጋጅቶ ያልገባበት ወቅት ስለነበር፣ በዚያን ጊዜ የታየው ድካምም ሆነ ስኬት ለዛሬው ውሳኔ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።

«ከቤት የሚሠራ ሰው ይሰንፋል»

ይህን አመለካከት በጥንቃቄ ከፈተኑት ጥናቶች ቀዳሚው በቻይና በአንድ የጉዞ ወኪል ድርጅት የጥሪ ማዕከል የተካሄደው ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ከ2010 እስከ 2011 ለዘጠኝ ወራት በዚያ ድርጅት ባካሄዱት ሙከራ፣ ፈቃደኛ ከሆኑትና መስፈርቱን ካሟሉት 249 ሠራተኞች መካከል የልደት ቀናቸው ሙሉ ቁጥር ላይ የዋለው በሳምንት አራት ቀን ከቤት እንዲሠሩ፣ ጎዶሎ ቁጥር ላይ የዋለው ደግሞ ቢሮ እንዲቀሩ ተደረገ። ምደባው በልደት ቀን የሆነው ታታሪው ወደ አንዱ ወገን፣ ሰነፉ ወደ ሌላው እንዳያጋድል ነው። ከቤት የሠሩት አፈጻጸማቸው በ13 በመቶ ጨመረ። ከዚህ ውስጥ ዘጠኙ በመቶ የተገኘው የዕረፍትና የሕመም ጊዜ ቀንሶ የሥራው ደቂቃ በመብዛቱ ሲሆን፣ የቀረው አራት በመቶ ደግሞ በየደቂቃው የሚስተናገደው ጥሪ በመጨመሩ ነው። ሥራ የሚለቁት ሰዎች ቁጥርም በግማሽ ቀነሰ።

ሆኖም ይህን ጥናት እንደ ጋሻ የሚያነሡት ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የጥሪ ማዕከል ሥራ ለብቻ የሚሠራ፣ ውጤቱም በቀላሉ የሚቆጠር ሥራ ነው። ለሙከራው የተመረጡትም ቢያንስ ስድስት ወር ያገለገሉ፣ ቤታቸው ውስጥ ለሥራ የሚሆን የራሳቸው ክፍልና ፈጣን ኢንተርኔት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ደግሞ ሙከራው አብቅቶ ምርጫ ሲሰጣቸው ከሁለቱም ወገን ብዙዎች ሐሳባቸውን መለወጣቸው ነው። ከቤት ሲሠሩ ከቆዩት መካከል ብቸኝነቱ ከብዷቸው ወደ ቢሮ የተመለሱ ነበሩ። ሁሉም የሚስማማውን ከመረጠ በኋላ የአፈጻጸሙ ጭማሪ ወደ 22 በመቶ ከፍ አለ። ይህ የሚያሳየው ከቤትም ከቢሮም ይበልጥ ውጤቱን የወሰነው ሰውየው ከቦታው ጋር መስማማቱ እንደሆነ ነው።

«እንግዲያው ከቤት መሥራት ሁልጊዜ የተሻለ ውጤት ያስገኛል»

ይህም ስሕተት ነው፤ ከላይ ካለው የሚለየው በሌላው ወገን አፍ የሚነገር በመሆኑ ብቻ ነው። በሕንድ መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የተቀጠሩ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ከቤት፣ ግማሾቹ ከቢሮ እንዲሠሩ በተደረገ ሙከራ፣ ከቤት የሠሩት ምርታማነት ቢሮ ከዋሉት በ18 በመቶ ያነሰ ሆኗል። ከዚህም በላይ ከቤት መሥራትን አስቀድመው የመረጡት ሰዎች ቤት ሲሆኑ አፈጻጸማቸው በ27 በመቶ ሲቀንስ፣ ቢሮን የመረጡት ግን ቤት ሲመደቡ የቀነሰው በ13 በመቶ ብቻ ነበር። በተለይ ልጅ የሚያሳድጉ ወይም የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች ቤትን የሚመርጡት ቤት ስለሚመቻቸው ሳይሆን ሌላ አማራጭ ስለሌላቸው ሊሆን ይችላል፤ «ሠራተኛው የመረጠው ስለሆነ ይበጀዋል» ብሎ መደምደም የማይቻለውም ለዚህ ነው።

በዚያው በሕንድ ከአሥር ሺህ በላይ ባለሙያዎችን በሚያስተዳድር የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኩባንያ በወረርሽኙ ወቅት የተደረገ ጥናትም ሠራተኞቹ ቤት ሆነው ረዘም ላለ ሰዓት እንደሠሩ፣ የሥራው ውጤት ግን በጥቂቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። የተጨመረው ሰዓት በአመዛኙ የሄደው ለስብሰባና ለማስተባበሪያ ሲሆን፣ ሳይቋረጥ አንድ ሥራ ላይ የሚያተኩሩበት ጊዜ አጥሯል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ድካማቸው የባከነው ቀድሞ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ቃል የሚጨርሱትን ጉዳይ በቀጠሮ ማስኬድ ግድ ስለሆነባቸው ነው።

«ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር ከተሰበሰቡ መተባበሩ በራሱ ይመጣል»

ወደ ቢሮ የሚጠሩ ደብዳቤዎች ሁሉ የሚደጋግሙት ምክንያት ይህ ስለሆነ ጠበቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማሩት ቶማስ አለን በ1970ዎቹ ባካሄዱት ጥናት፣ ባለሙያዎች እርስ በርስ የመነጋገራቸው ነገር በመካከላቸው ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት እንደሚወርድ አሳይተዋል። ሃምሳ ሜትር ገደማ ከተራራቁ በኋላ ንግግሩ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ሦስተኛ ፎቅ፣ ባልደረባው ደግሞ ዘጠነኛ ፎቅ ከሆኑ በአንድ ሕንፃ ውስጥ መሆናቸው ብቻውን ብዙም አያቀራርባቸውም።

ግድግዳ ማፍረስም መድኃኒት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ኢትን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ክፍልፋዮችን አንሥተው ሠራተኞቻቸውን በአንድ ሰፊ አዳራሽ ሲያስቀምጡ ፊት ለፊት የሚደረገው ንግግር በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሠራተኛው ከሚያየውና ከሚሰማው ሰው ሁሉ ራሱን ለመሸሸግ ወደ ኢሜይልና ወደ አጭር መልእክት ዞሯል። በየማለዳው ረጅም መንገድ ተጉዞ ቢሮ የደረሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ በቪዲዮ ስብሰባ ካሳለፈ፣ ጉዞው ያስገኘውን ጥቅም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ማለት ግን ቢሮ ለመተባበር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ2020 የመጀመሪያ አጋማሽ በማይክሮሶፍት የአሜሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገና ከ61 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ሁሉም ከቤት መሥራት ሲጀምሩ እያንዳንዱ ቡድን ከራሱ አባላት ጋር ያለው ግንኙነት እንደጠበቀ፣ ከሌሎች ቡድኖች ጋር የሚያሳልፈው የትብብር ጊዜ ግን በሩብ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የጠፋው ማንም በቀጠሮ የማይዘው የእግረ መንገድ ወሬ ነው፤ ከሌላ ክፍል ያለ ሰው «እኛም ይህ ችግር ገጥሞን ነበር» የሚልበት ዓይነት። በ2022 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናትም ሁለት ሁለት ሆነው በቪዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች በአካል ከተገናኙት ያነሱ አዳዲስ ሐሳቦችን እንደሚያፈልቁ፣ ከቀረቡት ሐሳቦች የተሻለውን በመምረጥ ረገድ ግን እንደማያንሱ አረጋግጧል። ሐሳብ ማፍለቅ ሲያስፈልግ በአካል መገናኘት፣ የተገኘውን መመዘን ሲያስፈልግ ባሉበት ሆኖ መወያየት ይቻላል። ቀኑን በዚህ መልክ የሚያደራጅ መሥሪያ ቤት ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

«ቢሮ መግባት የሚጠቅመው አለቆችን ብቻ ነው»

ልምድ ያካበተ፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅና የሚታመንበት ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ እርሱ ቢሮ ባይገባ ብዙም የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚጎድለው አጠገቡ ሊቀመጥ ይገባው የነበረው ጀማሪ ነው። በአንድ ትልቅ ኩባንያ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከቡድን አጋሮቻቸው ጋር በአንድ ሕንፃ የተቀመጡት በጻፉት ኮድ (የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽሑፍ) ላይ ይበልጥ አስተያየት እንደሚደርሳቸው ያሳያል። ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ ሌላ ሕንፃ ከተቀመጠ አብረው ያሉት ጭምር የሚለዋወጡት አስተያየት ይቀንሳል። ከመቀራረቡ በብዛት የተጠቀሙት ወጣቶችና ሴቶች ሲሆኑ፣ ነባሮቹ ደግሞ ሲያስተምሩ ስለሚውሉ የራሳቸው የኮድ ሥራ ቀንሷል።

እኔ ይህን ውጤት ከሁሉም አስበልጬ አየዋለሁ፤ ክርክሩ የተሸፋፈነበትን ቦታ ገልጦ ያሳያልና። ነባሩ ሠራተኛ ቤት ሲውል ለራሱ ምርታማ ነው፣ ቁጥሩም ያምራል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ማንን እንደሚጠይቅ ያልገባው፣ ጥያቄውን በጽሑፍ መላክ ያሳፈረው አዲስ ተቀጣሪ ነው። ይህ ኪሳራ በየወሩ ሪፖርት ላይ አይታይም፤ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ ተተኪ ሲፈለግ ነው። ቢሮ መገኘት ግዴታ የሚሆን ከሆነ ግዴታው አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ማስተማር የሚችሉትን ነው እንጂ ጀማሪውን ብቻ ቢሮ አስቀምጦ መካሪዎቹን ቤት መተው ትርጉም የለውም።

«ድብልቅ አሠራር ማንንም የማያስደስት መሃል ሰፋሪነት ነው»

ከፊሉን ሳምንት ቢሮ፣ ከፊሉን ቤት መዋል ብዙ ጊዜ እንደ ሽንፈት ስምምነት ይታያል። እዚያው የቻይናው የጉዞ ድርጅት ውስጥ ከ2021 እስከ 2022 በ1,612 ሠራተኞች ላይ የተካሄደውና በ2024 የታተመው ሙከራ ግን የተለየ መልስ ሰጥቷል። ረቡዕና ዓርብ ከቤት እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ሰዎች ሥራ የመልቀቃቸው መጠን በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። ለውጡ ጎልቶ የታየው በሴቶች፣ ረጅም መንገድ በሚመላለሱና የኃላፊነት ቦታ በሌላቸው ሠራተኞች ላይ ነው። በሥራ ግምገማም ሆነ በደረጃ ዕድገት ረገድ በሁለት ዓመት ክትትል ልዩነት አልታየም። ከሙከራው በፊት ምርታማነት በ2.6 በመቶ ይወርዳል ብለው ይገምቱ የነበሩት ኃላፊዎችም ውጤቱን ካዩ በኋላ ግምታቸውን ወደ አንድ በመቶ ጭማሪ ቀይረዋል።

እዚህ ላይ «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚለውን ብሂል ማንሣት ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ አራት ቀን ከቤት የሠሩት ሰዎች ከአፈጻጸማቸው አንጻር ሊያገኙት ከሚገባው ያነሰ ዕድገት አግኝተዋል። ሁለት ቀን ከቤት በሠሩት ላይ ይህ አልታየም። የቀሩትን ሦስት ቀናት ከሌሎቹ ጋር ቢሮ ስለሚውሉ ከዓይን ርቆ የሚቀር ሰው የለም። ድብልቅ አሠራር የሚበላሸው እያንዳንዱ ሰው የመሰለውን ቀን ሲመርጥና ቢሮ የገባው ሰው ባዶ ወንበር ሲጠብቀው ነው።

«ከቤት መሥራት ለአካባቢ አየር ሁልጊዜ ይበጃል»

እንደ መጠኑ ነው። በ2023 የወጣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ጥናት እንደሚለው፣ ሙሉ በሙሉ ከቤት የሚሠራ ሰው ከሥራው ጋር የተያያዘውን የካርቦን ልቀት እስከ 54 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቤት የሚውል ግን የሚቀንሰው ሁለት በመቶ ያህል ነው።

«ቤት መዋል ነፃነት ነው»

በቋንቋችን «የቤት ሥራ» ስንል ተማሪ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣው፣ «የቤት ውስጥ ሥራ» ስንል ደግሞ ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብ ነው። ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ ቤት ሆኖ መሥራትን ለመግለጽ ዐረፍተ ነገሩን ማስረዘም ግድ ይሆንብናል። ይህ የቃላት እጥረት የአስተሳሰብም ነው፤ ቤት የተገኘ ሰው፣ ይልቁንም ሴት ከሆነች፣ ሥራ እንደያዘች ሳይሆን እጇ ባዶ እንደሆነ ተቆጥሮ ትታዘዛለች።

ቀጣሪውም በበኩሉ ድንበሩን ይገፋል። በ27 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው ከቤት መሥራት በአማካይ በቀን 72 ደቂቃ የጉዞ ጊዜ ያተርፋል፤ ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው ተመልሶ ለሥራ ይውላል። ኮምፒዩተሩ ከመኝታ ቤት ጥቂት እርምጃ ሲርቅ የሥራው ቀን መቼ እንደሚያልቅ የሚወስን ነገር ይጠፋል። ፈረንሳይ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት የመራቅ መብት እንዲኖረው ያወጣችው ሕግ ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውም በዚህ ሥጋት ነው። ፖርቱጋል በ2021 መጨረሻ ያወጣችው ሕግ ደግሞ ቀጣሪው በዕረፍት ሰዓት ሠራተኛውን ከማነጋገር እንዲቆጠብ፣ ቤት ሆኖ በመሥራቱ የጨመረበትን የመብራትና የኢንተርኔት ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ይኸው ሕግ ከቤት የሚሠራው ሰው ብቸኝነት እንዳይጎዳው ከኃላፊዎቹና ከባልደረቦቹ ጋር ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ልዩነት በአካል እንዲገናኝ ማድረግንም የቀጣሪው ግዴታ አድርጎታል።