አይስላንድ፦ የማንትል ፕሉም ከውቅያኖስ ሸንተረር ጋር ሲገጥም

አትላንቲክን መሃል ለመሃል የሚከፍል ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ፤ የውቅያኖስ ሸንተረር የሚባለው ይህ ነው። ሰሜን ላይ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ ፕሌቶች (የምድር ውጫዊ ሽፋን ግዙፍ ቁራጮች) በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚራራቁት በዚሁ መስመር ነው። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ዓይን አያየውም። አይስላንድ ላይ ግን ብቅ ይላል፤ በእግር ይኬድበታል።

ጉዱ ያለው ከሥር ነው። ማንትል ከሚባለው፣ ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ወፍራም የአለት ንብርብር ጥልቀት፣ ትኩስ አለት ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ይህን ነው ፕሉም የሚሉት። ብዙ ሰው ፈሳሽ ይመስለዋል፤ ጠጣር ነው። የሚቀልጠው ወደ ላይ ሲጠጋና ጫናው ሲቀንስለት ነው፤ ያውም በከፊል። ሸንተረር ብቻውን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር የሚወፍር ቅርፊት ይሠራል። በአይስላንዱ ቫትናዮኩል የበረዶ ግግር ሥር ግን ውፍረቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

እዚያው በረዶ ሥር ባውርዳርቡንጋ የተባለ እሳተ ገሞራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ማግማው (የቀለጠው አለት) አናቱን ትቶ በጎን ሾለከ። ምድር ለምድር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሆሉህራውን የተባለ ቦታ ላይ ፈነዳ፤ ፍሰቱም ስድስት ወር ቆየ።

የፕሉሙ ጉልበት በደሴቷ አያበቃም። በስተደቡብ ምዕራብ ባለው የሬይክያነስ ሸንተረር ግራና ቀኝ፣ የባሕሩ ወለል ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ጉብታዎች ተሰድረዋል። የጂኦፊዚክስ ተመራማሪው ፒተር ቮግት እ.ኤ.አ. በ1971 ፕሉሙ በየጊዜው እየገፋ የላከው ትኩስ አለት አሻራ ናቸው አለ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው የሸንተረሩ ዝላይ ነው። ፕሌቶቹ ሲንቀሳቀሱ ሸንተረሩ ከፕሉሙ ወደ ምዕራብ ይርቃል። ሲርቅ ግን ዝም ብሎ አይሄድም፤ አሮጌው ስንጥቅ ይደክምና ፕሉሙ አጠገብ አዲስ ይከፈታል። ደቡብ አይስላንድ ውስጥ የምሥራቁ የእሳተ ገሞራ ቀጠና የምዕራቡን ሥራ እየተረከበ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሉምና ሸንተረር የግድ አንድ ቦታ ላይ መቆም የለባቸውም። ጋላፓጎስ ላይ ሸንተረሩ ከደሴቶቹ በስተሰሜን ርቆ ይገኛል። ሆኖም የፕሉሙ ቁስ ይደርሰዋል፤ ቅርፊቱም በዚያ በኩል ይወፍራል።

እኛም ዘንድ አፋር አለ። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቆች ወደ የብስ የሚገቡት እዚያ ነው፤ ከሥሩም ትኩስ ማንትል አለ። እ.ኤ.አ. በ2005፣ እኛ 1998ን በተቀበልን ሰሞን፣ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ማግማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሰንጥቆ ገባ። መሬቱ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ወደ ላይ የወጣው ግን ጥቂት አመድና አለት ብቻ ነበር፤ ሌላው እዚያው ከርሰ ምድር ቀርቶ አዲስ ቅርፊት ሆነ።