የሙቀት ካሜራ ግድግዳ ላይ ምን ያያል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በታኅሣሥ ብርድ፣ ካዛንቺስ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሰው ስልካቸውን አውጥተው በሙቀት ካሜራ የተነሣ ምስል አሳዩኝ። የምዕራቡ ግድግዳ ፍም መስሏል። «አየህ፣ ማሞቂያው መብራት የሚበላብኝ ለካ ሙቀቱ በዚህ በኩል እየወጣ ነው! እናፍርሰው እንዴ?» አሉ። መቼ እንደተነሣ ጠየቅኋቸው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ።

«ቀይ ከሆነ ሙቀት እየወጣ ነው»

ያ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ነው የዋለው። ብሎኬቱና ልስኑ ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ይለቃሉ፤ ካሜራው ያየው የክፍሉን ሳይሆን የፀሐይን ሙቀት ነበር። ቀለሙም ራሱ ያሳስታል። ካሜራው በምስሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ሙቀት ቀይ፣ ትንሹን ሰማያዊ ያደርጋል፤ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ብቻ ቢሆንም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከጎን ያለው የዲግሪ መስመር ነው።

ክፍሎቹን በማሞቂያ አሙቀን አሳደርንና ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደግመን አነሣነው። ፍሙ ጠፍቷል፤ ኮለኖቹና ቢሞቹ፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶዎቹና አግዳሚዎቹ፣ ብቻ ደመቅ ያለ መስመር ሠርተው ወጡ። ድፍን ኮንክሪት ውስጡ ክፍት ከሆነ ብሎኬት ይልቅ ሙቀት ያስተላልፋል። ግን ኮንክሪትም የቀኑን ፀሐይ ይዞ ሊያድር ይችላል፤ ስለዚህ ገብተን ከውስጥ አየነው። ኮለኑ በውስጥ በኩል ከብሎኬቱ ቀዝቅዞ ሳገኘው ነው ጥርጣሬዬ የለቀቀኝ።

«ካሜራው ግድግዳውን አልፎ ያያል»

አያይም፤ የሚቀበለው ከላዩ የሚወጣውን ኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር፣ ብቻ ነው። መስኮት ፊት ቢቆሙ እንኳ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ሰው ሳይሆን የራስዎን ምስል ያያሉ።

«የአሉሚኒየሙ ሽፋን ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀት አያስወጣም»

ቀለም ያልተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም የራሱን ጨረር እምብዛም አይለቅም፤ የፊት ለፊቱን ያንጸባርቃል። ሰማዩ ጥርት ካለ ካሜራው የሚያነበው የሰማዩን ብርድ ነው። መፍትሔው የአንድ ጥቅል ናስትሮ ዋጋ ነው፦ ጥቁር ናስትሮ ለጥፎ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ ሙቀቱን እዚያ ላይ ማንበብ። ልስንና ቀለም ይህ ጣጣ የለባቸውም።

«አንድ ፎቶ ስንት ዋት እንደሚባክን ይነግራል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ 18፣ ውጭው 8 ዲግሪ ነው እንበል። ግድግዳው በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ በአንድ ካሬ ሜትር 2 ዋት የሚያሳልፍ ከሆነ 20 ዋት ይወጣል። ታዲያ በውጭ በኩል ግድግዳው ከአየሩ የሚሞቀው በ0.8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የብዙ ካሜራ ስሕተት ደግሞ ወደላይም ወደታችም 2 ዲግሪ ይደርሳል! ትንሽ ነፋስ ሲጨመርበትማ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በውስጥ በኩል ልዩነቱ 2.6 ዲግሪ ስለሚሆን ይሻላል፤ ቢሆንም ያው ግምት ነው። ማሞቂያ በሌለው የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ ያ የ10 ዲግሪ ልዩነት ራሱ በቀላሉ አይገኝም።

ካሜራው የት እንደሚያፈስ ያሳያል። ስንት እንደሚያፈስ ለማወቅ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ የሙቀት ፍሰት መለኪያ አለ፤ አይኤስኦ 9869 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ቢያንስ 72 ሰዓት ይቆያል። ሰውዬው «ለአንድ ግድግዳ ሦስት ቀን?» ብለው አጉረመረሙ። ቢሆንም አንዱን ኮለኑ ላይ፣ አንዱን ብሎኬቱ ላይ ለጥፈን፣ እንግዳ እንዳይነካቸው ክፍሉን ቆልፈን ወጣን።